ከሕዋ የሚታየው የምዕራብ ሸዋ ማሳ እና «ኃላፊነት ያለው» አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ

በመስከረም አጋማሽ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ለመለየት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልገውም። ሜዳውን የሸፈነው አረንጓዴ ጤፍ ነው። ቢጫ ለብሶ የሚታየው ማሳ ኑግ ሲሆን፣ በድንበሩ ላይ እንደዚያው ቢጫ የሆነው ግን ማንም ያልዘራው አደይ አበባ ነው። ከደንዲ ተራሮች ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው የጥድ፣ የዝግባና የወይራ ደን፣ ከጎጆዎቹ ጀርባ በመስመር የቆመው ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። ይህን የአካባቢው ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ይኸው መሬት ከ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ በአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ሲነሣ ግን ጤፍም ኑግም የለም። ያለው ቁጥር ነው። እያንዳንዷ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነች ቁራሽ መሬት ምን ያህል ቀይ፣ አረንጓዴና ለዓይን የማይታይ ጨረር እንዳንጸባረቀች የሚገልጽ ቁጥር። ከዚህ ቁጥር ተነስቶ «ይህ ጤፍ ነው፣ ይህ ደን ነው፣ ይህ ጦም ያደረ መሬት ነው» የሚል ስም የሚሰጠው፣ ዛሬ በአብዛኛው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለው ቴክኖሎጂ ነው። («ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው የአማርኛ ትርጉም እየተለመደ ቢመጣም፣ ማስተዋል የሚለው ቃል ለማሽኑ ከሚገባው በላይ ክብር የሚሰጥ ስለሚመስል በዚህ ጽሑፍ የተለመደውን ስም እንጠቀማለን።)

ስም መስጠቱ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳዩ አሳሳቢ የሚሆነው በተሰጠው ስም መሠረት ገንዘብ ሲከፈል፣ መድኃኒት ሲረጭ፣ ካሣ ሲከለከል ወይም መሬት ለሌላ አገልግሎት ሲመደብ ነው። «ኃላፊነት ያለው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚባለው የምርምር ዘርፍም የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ማሽኑ ሲሳሳት የሚጎዳው ማን ነው? ስህተቱንስ ማን ያየዋል? ማንስ ያርመዋል? ጥያቄው በአብዛኛው የሚነሣው ስለ ፊት መለያ ካሜራና ስለ ባንክ ብድር ቢሆንም፣ ለጊንጪና ለጉደር ገበሬም የዚያኑ ያህል የሚመለከተው ነው።

የኢትዮጵያ ጉዞ ባጭሩ

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ «የሚበላው ያጣ ሕዝብ ስለ ሕዋ ምን አገባው?» የሚል ፌዝ ብዙ ተሰምቷል። ከ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ ሲጀምርም ፌዙ አልቆመም ነበር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው የታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ ተተኮሰች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ፎቶዋ ላይ ያለችው ትንሿ ነጥብ (ፒክስል) መሬት ላይ 13.75 ሜትር የምትሸፍን፣ ዋና ሥራዋም የግብርና፣ የውኃና የአካባቢ ጥበቃ መረጃ መሰብሰብ ነበር። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል መሆኑና ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑን ቻይና መሸፈኗ በወቅቱ ተገልጿል። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ 9 ኪሎ ግራም እንኳ የማትሞላው ሁለተኛዋ ተከተለች።

ከዚያ በኋላ ተቋማቱ ተቀያይረዋል። የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከጂኦስፓሻል ኢንፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ በ2014 ዓ.ም. የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋምም እንዲሁ ወደ ኢንስቲትዩትነት አድጓል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ ያጸደቀው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። የሕዋውና የማሽኑ ተቋም ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። የሚለካው መሬት ግን ከከተማው ውጭ ስለሆነ ወደዚያው እንመለስ።

ጥማድ እና ፒክስል

አንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 50 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው እንበል። በሴንቲኔል-2 ምስል ላይ ይህ ማሳ በ25 ፒክስሎች ይወከላል፤ ምስሉ በትክክል ከድንበሩ ጋር ከገጠመ ማለት ነው። ከ25ቱ 16ቱ ዳር ላይ ያሉ በመሆናቸው ከጎረቤት ማሳ፣ ከአጥር፣ ከመንገድና ከአደይ አበባው ጋር የመቀላቀል ዕድል አላቸው። ያለ ጥርጥር የዚያ ገበሬ የሚባሉት የመሐሉ 9 ፒክስሎች ብቻ ናቸው። በአሜሪካው ላንድሳት፣ ፒክስሉ 30 ሜትር በሆነው፣ ሲታይ ሙሉ በሙሉ በዚያ ማሳ ውስጥ የሚያርፍ ፒክስል ቢበዛ አንድ ነው፤ ጭራሹንም ላይኖር ይችላል። ኢቲአርኤስኤስ-1 በሁለቱ መካከል ነበረች።

የምርመራ ሞዴሎቹ በአብዛኛው የተሠሩት ግን እንዲህ ላለው መሬት አይደለም። ማሽኑ ምሳሌ ካላየ አይማርም። ብዙና ጥሩ ምሳሌ ያለው ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ነው፤ በዚያ ማሳው ሰፊ ነው፣ በአንድ ማሳ ላይ አንድ ሰብል ብቻ ይዘራል፣ ገበሬውም ምን እንደዘራ በየዓመቱ ለመንግሥት ያስመዘግባል። በምዕራብ ሸዋ አንዱ ጥማድ ጤፍ፣ ቀጥሎ ያለው ስንዴ፣ ከዚያ ሽንብራ ወይም ጓያ ነው። በጊንጪ ዙሪያ ባለው መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ይዘራል፤ ውኃው እስኪጠፈፍ ይጠበቃላ። ይህን ልማድ የማያውቅ ሞዴል በነሐሴ ወር ባዶ ሆኖ ያየውን ጥቁር መሬት «ያልታረሰ» ብሎ ቢመዘግበው የሚደንቅ አይሆንም።

ሌላው ችግር ደመና ነው። ሴንቲኔል-2 አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ቢያነሣም፣ በሐምሌና በነሐሴ ከአምቦ ሰማይ ላይ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ደመናውን ነው። ሰብሉ የሚበቅለውም በዚሁ ወቅት ነው። መፍትሔው ደመናን አልፎ የሚያየው የራዳር ሳተላይት (ሴንቲኔል-1) ነው። ራዳር ግን በተራው ከገደላማ ቦታ ጋር አይስማማም። ጨረሩን በጎን ስለሚልክ የተራራው አንዱ ወገን ተጨፍልቆ ሌላው ወገን በጥላ ተሸፍኖ ይቀራል። በጊንጪ ሜዳ የሚሠራው ዘዴ ወደ ጀልዱና ወደ ደንዲ ቁልቁለት ሲወጣ አስተማማኝነቱ ይቀንሳል ማለት ነው። በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ የማሽኑ ትክክለኝነት ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። «ሞዴሉ 85 በመቶ ትክክል ነው» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ወረዳ ላይ?» ተብሎ ነው። አማካይ ቁጥር የደጋውን ስህተት በሜዳው ውጤት ይሸፍነዋል።

ይህ የእኛ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ማንም ሊያገኛቸው የሚችሉ 11 የመሬት ሽፋን ካርታዎችን በስምንት የአፍሪካ አገሮች ከመስክ ናሙና ጋር አመሳክሮ፣ የትኛው መሬት የእርሻ መሬት እንደሆነ እንኳ ካርታዎቹ እርስ በርስ እንደማይስማሙ አሳይቷል። ልብ ይበሉ፤ ጥያቄው «ጤፍ ነው ስንዴ?» አልነበረም። «እርሻ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ብቻ ነበር።

ደን ማለት ምን ማለት ነው?

ከጊንጪ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የሚገኘው የጭሊሞ ደን በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተረፉት ጥቂት የደጋ ደኖች አንዱ ነው። ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋር የሚጠብቁበትና የሚጠቀሙበት አሳታፊ የደን አስተዳደር በአገራችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሥፍራዎችም ይቆጠራል። ከዚሁ ደን ባሻገር፣ በተለይም በጀልዱ በኩል፣ ለአጣናና ለማገዶ የሚተከለው ባሕር ዛፍ እህል ይዘራበት የነበረውን መሬት ሲሸፍን ቆይቷል።

ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ባቀረበችው ትርጉም መሠረት ደን ማለት ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሸፍን፣ ቁመቱ 2 ሜትር የደረሰ፣ ቅርንጫፉም 20 በመቶውን መሬት የጋረደ የዛፍ ሽፋን ነው። በዚህ መለኪያ ግማሽ ሄክታር የሆነ የባሕር ዛፍ ተክልና ለዘመናት የቆየው የጭሊሞ ጥድ ሁለቱም «ደን» ናቸው። ሁለቱን የመለየት አቅም ያለው ሞዴል ቢሠራም እንኳ፣ በሠንጠረዡ ላይ ያለው ረድፍ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ይጠፋል። ጥዱ ተመንጥሮ በሌላ ወገን ባሕር ዛፍ ቢተከል የደኑ ስፋት አልተቀየረም ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የአዋሽ ወንዝ ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ እንደሚነሣ፣ የጉደር ወንዝም በተቃራኒው ወደ ዓባይ እንደሚወርድ ለሚያውቅ ሰው፣ ተራራው ላይ ያለው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ተራ ጉዳይ አይደለም።

ጉዳዩ ገንዘብም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ኢትዮጵያና የዓለም ባንክ በኦሮሚያ ክልል ለሚቀነስ የካርቦን ልቀት እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ስምምነት ተፈራርመዋል። ክፍያው በውጤት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ውጤቱ ደግሞ ከሚለካባቸው መንገዶች ዋነኛው የሳተላይት ምስል ነው። ስለዚህ «ደን» የሚለው ስም የት ላይ እንደተለጠፈ የማን ማኅበር ምን እንደሚያገኝ ይወስናል።

እዚህ ላይ አንዲት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ የሠራችውን ማንሣት ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በዓለም ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባሳተመችው ጥናት ነው። የፊት መለያ ፕሮግራሞች ፆታን ሲለዩ በነጣ ባለ ገጽታ ወንዶች ላይ ስህተታቸው ከአንድ በመቶ በታች ሆኖ ሳለ፣ በጠቆረ ገጽታ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ መድረሱን ያሳየው ጥናት ማለት ነው። ለኛ ርዕሰ ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚቀርበው ከደቡብ አፍሪካውያንና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር የሠራችውና እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበው ሌላው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ በሳተላይት ምስልና በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የአፓርታይድ ዘመን የከተማ አከፋፈል ከሥርዓቱ መውደቅ በኋላ እንዴት እንደቀጠለ ለመከታተል ሲነሡ መጀመሪያ ያገኙት እንቅፋት ማሽኑ አልነበረም። በመንግሥት መረጃ ውስጥ ጥቁሮች የተከማቹባቸው «ታውንሺፖች» እና የሀብታሞቹ ሰፈሮች በአንድ ስም፣ «መደበኛ የመኖሪያ አካባቢ» ተብለው ተመዝግበው ነበር። በመረጃው ውስጥ ስም የሌለውን ልዩነት ማሽን ሊያየው አይችልም። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ አዲስ ስም ያለው መረጃ ራሳቸው ማዘጋጀት ነበረባቸው።

በጭሊሞና በጀልዱ ያለው ጥያቄም በባሕርዩ ከዚህ አይለይም። «ደን» የሚለውን ለሁለት ወይም ለሦስት የመክፈሉ ሥራ ከኮምፒዩተር ባለሙያው በፊት የደን ባለሙያውና የማኅበሩ አባላት የሚሠሩት ነው። ትምኒትና ባልደረቦቿ እያንዳንዱ የመረጃ ስብስብ ማን እንደሰበሰበው፣ ከየት፣ መቼ፣ ለምን ዓላማ፣ ምን እንደጎደለው የሚገልጽ መግለጫ አብሮት እንዲወጣ ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬ በብዙ አገሮች እየተሠራበት ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት ከወረቀቱ ጋር እንደሚመጣ ማለት ነው።

የአምቦው ቤተ ሙከራ

አምቦ በጠበሏና በማዕድን ውኃዋ ትታወቃለች። ዩኒቨርሲቲዋም መነሻው በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት ነው። ከከተማው ውጭ ብዙም የማይታወቀው ግን ቀድሞ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ይባል የነበረው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የስንዴ ግንድ ዋግ ዝርያዎች በአገር ደረጃ የሚለዩት በዚሁ ማዕከል ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከተለያዩ አካባቢዎች የተመታ የስንዴ ግንድ ናሙና ይሰበሰባል። ከናሙናው የሚገኘው ዱቄት መሳይ የዋግ ዘር (ስፖር) ለዚሁ በተመረጡ 20 የስንዴ ዓይነቶች ቡቃያ ላይ ይረጫል። ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ የትኛው ቡቃያ እንደተሸነፈ፣ የትኛው እንደተቋቋመ እየታየ ለዋጉ አምስት ፊደል ያለው መለያ ይሰጠዋል። ከእነዚህ መለያዎች አንዱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የአርሲና የባሌ ገበሬ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ከ600 ሺሕ ሄክታር በላይ ስንዴ ከመታ በኋላ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው «ዲጋሉ» ወደተባለው ዝርያ ዞሮ ነበር። በ2006 ዓ.ም. መኸር ግን ዲጋሉን የሚያጠቃ የግንድ ዋግ ዝርያ ተነሥቶ የብዙዎችን ማሳ አራቁቷል።

ከዚህ በኋላ ነው የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የተዘረጋው። በሥራው የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ተቋም፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት)፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተሳትፈዋል። የዋጉን ዘር ነፋስ ወዴት እንደሚወስደው የሚያሰላው የኮምፒዩተር ሞዴል መጀመሪያ የተሠራው ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ የጨረር ብናኝን አካሄድ ለመከታተል ነበር። የአየር ትንበያው (ራሱ በሳተላይት ምልከታ ላይ የተመሠረተ ነው)፣ የመስክ ቅኝቱና የነፋሱ ስሌት ተቀናጅተው ለሚቀጥሉት ቀናት ሥጋት ያለበትን አካባቢ ያመለክታሉ። መልእክቱም ወደ ልማት ሠራተኞች ይላካል።

በጥብቅ አነጋገር ይህ ሥርዓት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አይደለም፤ የፊዚክስና የባዮሎጂ ስሌት ነው። ከምስል ላይ በሽታን «የሚያውቁ» አዳዲስ ሞዴሎችን ለመመዘን ግን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አይገኝም። የኮምፒዩተሩ ትንበያ ከመስክ ቅኝት ጋር ይመሳከራል፤ የዋጉ ማንነት ደግሞ የሚታወቀው እንደ አምቦው ባለ ቤተ ሙከራ ነው። የትኛውም ሳተላይት የዋግን አምስት ፊደል ማንበብ አይችልም።

ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሞዴል ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በቀላል ስሌት እንየው። 1,000 የስንዴ ማሳዎች አሉ፤ 50ዎቹ በዋግ ተይዘዋል እንበል። ሞዴሉ ከታመሙት 90 በመቶውን ይለያል፤ ከጤነኞቹም 10 በመቶውን ብቻ በስህተት ታመዋል ይላል። በወረቀት ሲታይ ግሩም ነው። ውጤቱ ግን የሚከተለው ይሆናል፤ ከታመሙት 45ቱ ይለያሉ፣ ከ950ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 95ቱ «ታመዋል» ይባላሉ። ማስጠንቀቂያ ከደረሳቸው 140 ገበሬዎች ውስጥ 95ቱ፣ ከሦስት ሁለቱ ማለት ነው፣ የማያስፈልጋቸውን ፀረ ዋግ ኬሚካል ገዝተው ይረጫሉ። በሁለተኛው ዓመት እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የሚሰማ ላይኖር ነው። ያልተለዩት አምስቱ ደግሞ መልእክት ስላልደረሳቸው ደህና ነኝ ብለው ይቀመጣሉ። «ኃላፊነት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ፍልስፍና አይደለም፤ የኬሚካሉን ዋጋ ማን ይከፍላል የሚል ጥያቄ ነው።

በሰብል መድን ዘርፍም ይኸው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ፣ አዲ ሓ በተባለ ቀበሌ፣ 200 አባወራዎችን ይዞ የተጀመረው የጤፍ ዝናብ መድን ሙከራ ካሣ የሚከፍለው ማሳው ታይቶ ሳይሆን ከሳተላይት በሚገኝ የዝናብ መጠን ነበር። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ገምጋሚ መላክ አያስፈልግም። መሣሪያው «ዘንቧል» እያለ የገበሬው ማሳ ቢደርቅ ግን ካሣ የለም። የመድን ባለሙያዎች ለዚህ ክፍተት ስም አውጥተው ለዓመታት ተከራክረውበታል። ዋናው ቁም ነገር የአዲ ሓው ሥራ መሬቱን የሚያውቁ ገበሬዎችን በዕቅዱ ላይ ማማከሩ ነበር።

ካርታ ያለ ባለቤቱ

በአምቦና በጊንጪ ስለ ካርታ ሲወራ ሌላ ትዝታም ይነሣል። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ በአምቦ የተቀሰቀሰው ተቃውሞ መነሻው የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ተቃውሞው ከጊንጪ ተነሣ፤ በዚያ የአካባቢው ደንና የኳስ ሜዳ ለኢንቨስትመንት ሊሰጡ ነው የሚል ቁጣ ተጨምሮበት ነበር። ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ተነገረ። የዚያን ጊዜው ካርታ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሥራ አልነበረም። ሆኖም በላዩ ላይ የሚኖረው ሰው ሳይጠየቅ የተሳለ ካርታ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ የዚህ ዞን ነዋሪ የውጭ አገር ጥናት ማንበብ አያስፈልገውም።

የተሻለው ምሳሌም ከሩቅ አይደለም። በኦሮሚያ፣ በአማራና በሌሎች ክልሎች የተካሄደው የሁለተኛ ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ የተሠራው ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ፎቶ ነው። ይሁንና ድንበሩን ኮምፒዩተር አልወሰነውም። የታተመው ፎቶ ወደ ማሳው ይወሰድና ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ ባሉበት በዙሪያው እየተዞረ በእጅ ይሰመራል። ውጤቱ ተለጥፎ ለሕዝብ ይታያል፤ ቅር ያለው ያመለክታል፤ ደብተሩ የሚታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ዘገምተኛ ነበር፣ ጉድለትም አላጣውም፤ ግን ለተቃውሞ የተተወ ጊዜ ነበረው። ዛሬ የማሳ ድንበርን በደቂቃዎች የሚያሰምሩ ሞዴሎች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው የመለጠፊያው ጊዜ እንዳይሆን ያሰጋል።

ሕጉም ጀምሯል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የመቆጣጠር ሥልጣኑም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የአንድ ገበሬ ማሳ መገኛ ከስሙና ከስልክ ቁጥሩ ጋር ሲያያዝ የግል መረጃ ይሆናል ብሎ መከራከር ከባድ አይመስለንም። የማሳን መገኛ ከሚሰበስቡት ወገኖች ቁጥር አንጻር ሲታይ ግን ገበሬው ለማን ምን እንደሰጠ የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ጋር የተያያዘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ያወጣው ደንብ፣ የተፈጻሚነቱ ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም፣ የእያንዳንዱን የቡና ማሳ መገኛ ይጠይቃል። ከባኮ ወዲያ ወደ ወለጋ ሲወርዱ ቡናው የሚበቅለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ጥላውን «ደን»፣ ቡናውን ለማልማት የተደረገውን ጥረዛ ደግሞ «ጭፍጨፋ» ብሎ የሚያነብ ሞዴል በገበሬው ላይ ገበያ ሊዘጋ ይችላል።

መረጃው ቢቋረጥስ?

«ዘላቂነት» ሲባል ስለ ዛፍና ስለ አፈር ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግማሹ ይቀራል። የኢቲአርኤስኤስ-1 የታቀደ ዕድሜ ሁለት ዓመት ነበር፤ የሰብል ለውጥን ለመከታተል ግን የአሥርና የሃያ ዓመት ተከታታይ መረጃ ያስፈልጋል። ይህን ክፍተት የሚሞሉት ነፃ የሆኑት የአውሮፓና የአሜሪካ ሳተላይቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ዋስትና የላቸውም። ከሁለቱ የሴንቲኔል-1 ራዳሮች አንዱ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተበላሽቶ፣ ምትኩ የተተኮሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በመሐሉ ያሉት ክረምቶች በግማሽ ዓይን ታልፈዋል ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው በጥር 2017 ዓ.ም. የታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በኢትዮጵያ የደረሰውን ረሃብ ተከትሎ በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ድርጅት (ፊውስ ኔት) በዋሽንግተን በተሰጠ የሥራ አቁሙ ትእዛዝ ምክንያት ድረ ገጹ ሳይቀር ተዘጋ። ከወራት በኋላ ቢመለስም፣ መረጃው የኛ መስሎን የቆየው ነገር የማን እንደሆነ አሳይቷል። ጎንደር ተወልዳም ሆነ ባሕር ዳር፣ አምቦም ሆነ አዲስ አበባ ተምሮ፣ በዚህ መረጃ ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን የመሠረተ ተማሪ ሁሉ በአንድ ጧት ባዶ ገጽ ነው የጠበቀው። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ አበባ ብርሃኔ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመችው ጽሑፍ አፍሪካ በሌሎች በተሠራ የስሌት ሥርዓት ላይ ስትንጠላጠል የሚመጣውን ጥገኝነት «የአልጎሪዝም ቅኝ ግዛት» ብላዋለች። ቃሉ የተጋነነ የሚመስለው ካለ የዚያን ወር ያስታውስ።

መፍትሔው ግዙፍ ሞዴል መግዛት አይደለም። ለሰብል ካርታ ከግዙፎቹ ሞዴሎች ይልቅ በተራ ላፕቶፕ ላይ የሚሠሩ ቀለል ያሉ ዘዴዎች ብዙ ጊዜ ይበቃሉ፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታቸውም እንዲሁ አነስተኛ ነው፤ ለምን እንዲህ አልክ ብሎ ለመጠየቅም ይመቻሉ። የጎደለው ማሽኑ አይደለም፤ ከመሬት የሚሰበሰብ ምስክር ነው።

ምን ያህል ምስክር? በስታቲስቲክስ ቀመር፣ ትክክለኝነቱ 80 በመቶ ገደማ እንደሆነ የሚገመትን አንድ የሰብል ዓይነት፣ 5 በመቶ ከፍና ዝቅ በሚል ልዩነትና በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመፈተሽ 246 የመስክ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ኑግ፣ የተፈጥሮ ደንና ባሕር ዛፍ፣ ስድስት ዓይነት ብንይዝ 1,476 ነጥብ ይሆናል። አምቦ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በጉደርም ካምፓስ አለው። በአምቦ፣ በሆለታና በባኮ የምርምር ማዕከላት አሉ፤ በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ አለ። ዕድሉ የሚገኘው ግን ሰማዩ ጠርቶ ሰብሉ ገና ሳይታጨድ በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ጤፉ ታጭዶ ይከመራል፤ ማሳው ላይ የሚቀረው ገለባና ቃርሚያ ብቻ ስለሚሆን፣ የትኛው የምን ማሳ እንደነበረ ባለቤቱን ካልሆነ በቀር የሚጠየቅ አይኖርም።